ደመወዙ ቢቆምም ሒሳቡ አልተዘጋም

አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር ሆና ሥራዋን ስታጣ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አሁን በምን ልትኖር ነው?» ከዚያ ከንፈር እንመጥና ዝም እንላለን። ሰሞኑን ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን ገልጬ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስደምር ስቀንስ ጥያቄው መልስ እንዳለው አየሁ። ሙሉ መልስ ነው አልልም፤ ግን ከጠበቅኩት በጣም ይበልጣል! እናንተ ሳትሰሙት እንድታድሩ ስላልፈለግኩ እስቲ አብረን ቀስ እያልን እንሂድበት። የሕግ ትምህርት አያስፈልግም። መደመር፣ ማካፈልና ቀን መቁጠር ይበቃል።

መጀመሪያ መራራውን እንዋጠው። አገራችን ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚቆረጥለት ክፍያ የለም። አሜሪካ ወይም ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን ሥራ ሲያጡ መስፈርቱን ካሟሉ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈላቸዋል። እዚህ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ የሚቆረጥበት 7 በመቶ፣ አሠሪው የሚጨምርለትም 11 በመቶ ለጡረታ የሚቀመጥ ነው፤ ለሥራ አጥነት አይደለም። ይህን ሳነብ «እንግዲያው ባዶ ነው ማለት ነው» ብዬ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን አስገረመኝ። የእኛ ሕግ ገንዘቡን በየወሩ አያንጠባጥበውም፤ በስንብቷ ጊዜ አንድ ላይ እንዲከፈል ያዛል እንጂ! ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡ አለ፤ የሚመጣው እኛ በለመድነው በየወሩ መንገድ አይደለም።

ስንት እንደሚመጣ ከመቁጠራችን በፊት ግን የስንብት ደብዳቤውን እናንብብ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚያ ላይ በተጻፈው ምክንያት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንዲትን ሠራተኛ ስላረገዘች ብሎ ማሰናበትን ይከለክላል። ከዚያም አልፎ ነፍሰ ጡር ሳለችና ከወለደች በኋላም እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪዋ ውሏን ሊያቋርጥ አይችልም ይላል። ከወለደች በኋላም አራት ወር! እኔ ጥበቃው ምጥ እስኪመጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በርግጥ ከእርግዝናውም ከወሊዱም ጋር የማይገናኝ ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ከባድ ጥፋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ፣ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። በቅነሳም ቢሆን ችሎታና የሥራ ውጤት እኩል ከሆነ ነፍሰ ጡሯ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናት እንጂ መጀመሪያ የምትወጣ አይደለችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሴቶች የሚጎዱት እዚህ ስለሆነ። አለቃ ጠርቶ ለስላሳ በሆነ ድምፅ «አንቺ ራስሽ ብትለቂ ይሻላል፣ ለስምሽም ጥሩ ነው» ይላል። እሷም አፍራ ወይም ተጨንቃ ትፈርማለች። አሁን ተመልከቱ ምን እንደሚሆን! በፈቃዷ የለቀቀች ሠራተኛ የቅነሳ ክፍያ የላትም፤ እንዲያውም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ያለባት እሷ ትሆናለች። አንዲት ፊርማ ከታች የምንደምረውን ገንዘብ አብዛኛውን ትደመስሰዋለች ማለት ነው። ስለዚህ የልቀቂ ወረቀት የቀረበላት እህት ወረቀቱን ይዛ ቤት ትሂድ፤ ለሚያውቅ ሰው ታሳይ፤ ከዚያ ትወስን። ካረገዘችበት ቀን ጀምሮም የጤና ጣቢያውን ማስረጃ ኮፒ አድርጋ ለቢሮዋ ብትሰጥ መልካም ነው። አዋጁ ከእርግዝናው ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ ሳይቆረጥባት ፈቃድ እንድታገኝ ያዝዛልና ወረቀቱ ለዚያም ይጠቅማታል፤ ነፍሰ ጡር መሆኗ በአሠሪዋ ዘንድ መቼ እንደታወቀም ይመሰክርላታል።

የተባረረችው ስላረገዘች ከሆነስ? ያኔ ሕገወጥ ስንብት ነው። ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት ያላት ጊዜ ከተሰናበተችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። ይህን አስምሩበት! ሦስት ወር በእርግዝና ውስጥ በማቅለሽለሽና በሐሳብ እንዴት እንደሚያልፍ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ ስድስት ወር አለ። ውሏ የጊዜ ገደብ የሌለው ሆኖ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ባይመልሳት እንኳ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊወስንላት ይችላል። አቅም የሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ወይም በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች መጠየቅ ትችላለች።

አሁን ወደ ጣፋጩ፣ ወደ ድምሩ! አንዲት ሴት እናስብ። በወር 9,000 ብር ይከፈላታል፤ ለ30 ሲካፈል በቀን 300 ብር። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ አራት ዓመት ሠርታለች። ድርጅቱ በሕጉ መሠረት ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ወጣች፤ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ። በቅነሳ የምትወጣ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባታል። ወይ ሁለቱን ወር ሠርታ ደመወዟን ትወስዳለች፣ ወይ ዛሬውኑ ውጪ ካሏት የሁለት ወሩ ይከፈላታል። 18,000 ብር።

ሁለተኛ፣ የስንብት ክፍያ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 9,000። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 3,000 ሲባዛ በሦስት፣ 9,000። ሁለቱ ሲደመሩ 18,000። ረጅም ዘመን የሠራች ሰው ክፍያዋ እያደገ ይሄዳል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው።

ሦስተኛውን እኔ ጨርሶ አላውቀውም ነበር። ስንብቱ በቅነሳ ምክንያት ሲሆን ከላይ ባለው ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል! ሌላ 18,000 ብር።

ደምሩት። 54,000 ብር። አሁን ለ9,000 አካፍሉት። ስድስት! የስድስት ወር ደመወዝ። ከሦስተኛው ወር እስከ ዘጠነኛው ወር ስንት ወር አለ? ስድስት! እዚህ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። የሠራችው ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆንም የሚቀንሰው የስንብት ክፍያው ነው፤ ወደ 12,000 ይወርድና ድምሩ 48,000 ይሆናል። አሁንም ከአምስት ወር ደመወዝ በላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግብር ሳይቀነስባቸው ነው፤ የስንብት ገንዘብም ግብር ይቀነስበታልና እጇ የሚገባው ያንሳል። በሌላ በኩል ያልወሰደችው የዓመት እረፍት ካለ በገንዘብ ይታሰብላታል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ስለዚህ የቀራትን የእረፍት ቀን ሁሉ ከመዝገብ ታስወጣ።

ክፍያው የሚጠበቀው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። «ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ» እያለ ያለ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዟን ጨምሮ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝዘው ይችላል። ይህንንም ሳነብ ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ!

ገንዘቡ ሲገባስ? ደመወዝተኛ ሰው አንድ ላይ የመጣ ገንዘብ መያዝ አይችልበትም፤ ወር ጠብቆ መኖር ነው የለመደው። ይህን የሚችልበት ገበሬ ነው። ጤፉን ወቅቶ የሚያገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጎተራው ግን የሚቀጥለው እህል እስኪደርስ ይመግበዋል። ዘሩን አስቀድሞ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የቀረውን ለየወሩ ይሰፍራል፤ ጎተራው ሙሉ ነው ብሎ በጥር አይደግስበትም። የስንብት ገንዘብም ልክ እንዲህ ይያዝ። የእኛዋ ሴት የምትሰፍረው ለስድስት ወር መሆን የለበትም፤ ከወሊድ በኋላ ያሉትን አራት ወራት ጨምራ ለአሥር ወር ትስፈር። አስቀድማ ለወሊዱና ለአራስነቱ፣ ለልጁ ልብስ፣ ለታክሲ፣ ለቅቤና ለአጥሚት እህል 6,000 ብር ታስቀምጥ። ይህ ዘሩ ነው፤ አይነካም። ከ54,000 የቀረው 48,000 ለአሥር ሲካፈል በወር 4,800 ይሆናል፤ ግብሩ ሲነሳ ደግሞ ያንሳል። ከቀድሞ ደመወዟ ግማሽ አካባቢ ነው። ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግን «ምንም የለም» ከማለት ጋር ሲተያይ መሬትና ሰማይ ነው። ደግሞም ይህን ቁጥር በሦስተኛው ወር ያወቀች ሴት ከቤት አከራይዋ ጋር ለመነጋገርም ሆነ አነስ ወዳለ ቤት ለመግባት ሆዷ ሳይገፋ ጊዜ አላት።

ወጪው ደግሞ ከምናስበው እንደሚያንስ ስትሰሙ ደስ ይላችኋል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ማዋለድና የድኅረ ወሊድ ክትትል በነፃ ናቸው! ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ በኋላም የሕፃኑ ክትባቶች፣ ሁሉም በነፃ። የመንግሥት አምቡላንስም ለምጥ አይከፈልበትም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወለደችው ገንፎ ይቀርባል፣ ቡናም ይፈላል። ሥራ ላይ ሳለች በግል ክሊኒክ የጀመረች ሴት ክትትሏን ካርዷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ብታዛውር የሚቆጠብላት ገንዘብ ቀላል አይደለም። ወደ ሆስፒታል ከተላከች አንዳንድ መድኃኒትና አልትራሳውንድ ሊያስከፍል ስለሚችል አስቀድማ ትጠይቅ፤ ያስቀመጠችው ዘር ለዚያም ነው። ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ማጥባት ለልጁ ምርጡ ምግብ ነው፤ የዱቄት ወተት ዋጋ ያየ ሰው ደግሞ ለኪስም ምን ያህል እንደሚያተርፍ ይገባዋል።

ዕቁብ ያላት ብዙ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይለይ፦ ዕጣዋ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ካልወጣ እስካሁን የጣለችው የራሷ ቁጠባ ነው፤ ሰብሳቢውን አነጋግራ ዕጣው በወሊዷ ወር እንዲደርሳት መለመን ትችላለች፤ ዕቁብተኛ ለእንዲህ ያለ ነገር አይጨክንም። ወስዳ ከሆነ ግን ገና የምትከፍለው ዕዳ አለባትና ያ ከወሩ ስፍር ላይ መጀመሪያ ይነሳ፤ ዋሷን እንዳታስጨንቅ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው አዋጁ ለሚሸፍናት ሠራተኛ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት በዚህ አዋጅ ውስጥ የለችም፤ ስታረግዝ ብዙ ጊዜ የምትወጣው ሻንጣዋን ብቻ ይዛ ነው። ይህ መስተካከል አለበት ብዬ ከልቤ አምናለሁ። እስከዚያ ድረስ የጤና ጣቢያው በር ለእሷም እኩል ክፍት መሆኑን የነገራት ሰው ትልቅ ነገር አደረገላት። የቤት ሠራተኛ የቀጠራችሁ ደግሞ የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ጨምራችሁ ብትሸኟት ማንም አይከለክላችሁም።

እንግዲህ የስንብት ደብዳቤ የደረሳት ነፍሰ ጡር ካወቃችሁ ለማጽናናት ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ያለውን መደመሪያ ክፈቱ። ሦስት ነገር ጠይቋት፦ ደመወዝሽ ስንት ነበር? ስንት ዓመት ሠራሽ? ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያት ምንድን ነው? ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ ደምሩላት፤ የሦስቱ ወርና የስድስቱ ወር ገደብ የሚያልቅበትን ቀንም ካላንደሯ ላይ ምልክት አድርጉላት። የሥራ ልምድ ማስረጃዋንም አብራ እንድትጠይቅ አስታውሷት፤ አሠሪው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ልጁ ጠንከር ሲል ሥራ ስትፈልግ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው።