ዛፍን ማየት አእምሮን እንደሚያሳርፍ

ሰው እጁንና እግሩን ሳያንቀሳቅስ ሊደክም ይችላል። ብዙ ሰዓት ያነበበ ተማሪ ተቀምጦ ሳለ ደከመኝ ይላል፤ የደከመው አእምሮው ነውና። አእምሮ የሚደክመው አንዱን ነገር አጥብቆ ሲያስብና ሌላውን ሁሉ ከራሱ ሲያርቅ ነው።

በከተማ ጐዳና የሚሄድ ሰው መኪና እንዳይገጨው ይጠነቀቃል፤ ጩኸቱና ግፊያው ከየአቅጣጫው ይጠራዋል። ስለዚህ ዐይኑ ብዙ ቢያይም አእምሮው አያርፍም። ዛፍና ወራጅ ውሃ የሚመለከት ሰው ግን የሚጠነቀቅለት ነገር የለውም። ቅጠሉ በነፋስ ሲወዛወዝ ዐይኑ ያለ ድካም ይከተለዋል፤ አእምሮውም ቀስ በቀስ ይረጋጋል።

ይህን ነገር ሊቃውንት መርምረውታል። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ በፔንሲልቫንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን የ46 ሕመምተኞች መዝገብ ተመለከተ። የ23ቱ መስኮት ወደ ዛፎች ያሳይ ነበር፤ የ23ቱ ግን የጡብ ግንብ ብቻ ያሳይ ነበር። በ1984 በፈረንጆች አቈጣጠር እንደ ጻፈው፣ ዛፍ ያዩት ሕመምተኞች ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ በጥቂቱ ወሰዱ፤ ወደ ቤታቸውም ቀድመው ተመለሱ። ልዩነቱ አንድ ቀን አይሞላም፤ ነገር ግን በሕመም አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ግማሽ ቀንም ረዥም ነው።

በ2015 ደግሞ በካሊፎርንያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለ90 ደቂቃ በእግራቸው እንዲሄዱ አደረጉ። እኩሌቶቹ ሣርና ዛፍ ባለበት ስፍራ፣ እኩሌቶቹ መኪና በሚበዛበት ጐዳና ሄዱ። በሣሩና በዛፉ መካከል የሄዱት ሰዎች ስለ ራሳቸው ክፉ ክፉውን መላልሰው ማሰባቸው ቀነሰ። ሰው በእንዲህ ያለ ሐሳብ ሲያዝ የሚሠራው የአንጎላቸው ክፍልም ሥራው ዝግ ብሎ ተገኘ።

ዛፍ መድኃኒትን አይተካም፤ ሐኪምንም አያስቀርም። ሥራውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ዛፍ የሚያይ ሰው ሰነፍ ነው። ነገር ግን ትምህርቱን ተግቶ የተማረ ልጅ ዐይኑን ከመጽሐፉ አንሥቶ ጥቂት ጊዜ ወደ አረንጓዴው ቢመለከት፣ ለሚቀጥለው ሥራ ኃይል ያገኛል።

ከበሽተኛ መስኮት ፊት ያለውን ዛፍ ያለ ምክንያት የሚቈርጥ ሰው ለራሱ እንጨት ያገኛል፤ የበሽተኛውን ዕረፍት ግን ይወስድበታል። በዚያ ስፍራ ችግኝ ተክሎ ውሃ የሚያጠጣ ልጅ ደግሞ ስሙን የማያውቀውን ሕመምተኛ ይረዳል።