ማሽላው ለምን ይዘገያል?

በኮምቦልቻና በሐርቡ መካከል ሚያዝያ ላይ የተዘራ ነባር ማሽላ ክረምቱን ሙሉ ቁመት ሲጨምር ይከርምና ራስ የሚያወጣው መስከረም አካባቢ ነው። አንዱ “መሬቱ ደክሞ ነው” ይላል፤ ሌላው ዝናቡን ይወቅሳል። ዝናብም ሙቀትም ድርሻ አላቸው፤ ዋናው ነገር ግን ሌሊቱ ነው። ይህ ማሽላ ሌሊቱ ካልረዘመለት አያብብም።

“እኛ አገር ቀንና ሌሊቱ እኩል አይደል?” የሚል ይኖራል። አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የሰኔ ቀን ከታኅሣሥ ቀን በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይረዝማል። ሰው ልብ ባይለውም ማሽላው ይለየዋል። ስለዚህ “ቀድሜ ከዘራሁ ቀድሞ ይደርስልኛል” የሚለው ስሌት ለዚህ ዓይነቱ ዘር ብዙም አይሠራም፤ የሚያዝያውም የግንቦቱም የሚያብቡት በተቀራራቢ ሰሞን ነው።

ቶሎ የሚደርሰውን ዘር “ፈረንጅ በላቦራቶሪ የሠራው” የሚሉትም አሉ። ነገሩ ማዳቀልና መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካኖች የኢትዮጵያን ጭምር የሞቃት አገር ማሽላዎች ሰብስበው መሥራት ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹ በቴክሳስ ረጅም የበጋ ቀን አላብብ አሉ። ሌሊቱ በሚረዝምበት ወቅት ፖርቶ ሪኮ ላይ ከፈጣን ዘር ጋር አዳቀሏቸው፤ ልጆቹን ቴክሳስ ላይ ዘርተው ቶሎ ያበቡትን ለቀሙ፤ ይህንኑ ደጋገሙት። በእኛም አገር በምርምር የወጡት “ተሻለ” (2002 እ.ኤ.አ.) እና “መልካም” (2009 እ.ኤ.አ.) በአራት ወር ገደማ ይደርሳሉ። ነባሩ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ታዲያ ፈጣኑ ሁሌም ይሻላል? እኔ አልስማማም። የሚያዝያ ዝናብ ሲከዳና ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና መዝራት ግድ ሲሆን ከፈጣኑ ሌላ ምርጫ የለም። ዝናቡ ከሰመረ ግን ረጅሙ ማሽላ እህሉም ይበልጣል፣ አገዳውም ለከብት፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይተርፋል፤ አጭሩ ይህን አይሰጥም። ከጎረቤት ማሳ ሁሉ ቀድሞ ብቻውን የቀላ ማሽላ ደግሞ የአካባቢውን ወፍ በሙሉ ይጠራል፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። ደግሞስ እንደ ወሎው “ወተት በጉንጬ” ያለውን ነባር ማሽላ በፈጣን ዘር ልንተካ ነው? ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበለጸጉ የኢትዮጵያ ማሽላዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ለዓለም ሲተዋወቁ ከወሎ የተገኙት ነበሩ።

“ቀድሞ ያበበውን ራስ ለዘር ማስቀረት ይበቃል” የሚለው ግን ግማሹ እውነት ነው። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ እናቱን ይመስላል። ሆኖም ፍግ የወደቀበት ጥግ ላይ የበቀለውም ይፈጥናል። ከማሳው መሐል፣ ጎረቤቶቹ እኩል ከበቀሉበት ቦታ ይመረጥ፤ በዓመቱ ከተራው ዘር ጎን ለጎን በመስመር ይዘራ። ዳግም ከቀደመ ዘሩ ነው፤ እኩል ካበበ መሬቱ ነበር።