ሹሩባውን ፈትታችሁ ኑ

ስለ ፀጉራቸው ሊያማክሩኝ የሚመጡ ሴቶች ብዙዎቹ ራሳቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት። ሻሽ ወይም ነጠላ ከሆነ ችግር የለውም፤ በሩ ሲዘጋ ይወርዳል። ችግሩ መሸፈኛው በክር የተሰፋ ሲሆን ነው። «ዶክተር፣ ትናንትና ነው የተሠራሁት፤ እንዲሁ ከላይ ከላይ ቢያዩልኝስ?» ትለኛለች። ለተሰፋላት ሂውማን ሄር የከፈለችው ገንዘብ የካርዱን ብዙ እጥፍ ነውና «ፍቺው» ለማለት አፌን ይይዘኛል። ግን የራስ ቆዳዋን ካላየሁ የምነግራት ነገር የለኝም። የፀጉሩ መውጫ ቀዳዳ አለ ወይስ ቆዳው ለስልሶ ያብለጨልጫል? ቀዳዳው ካለ ፀጉሩ የመመለስ ተስፋ አለው። በጠባሳ ከተደፈነ ግን ሥራዬ የተረፈውን ማትረፍ ብቻ ይሆናል።

የረገፈ ፀጉራቸውን በፌስታል ጠቅልለው የሚያመጡም አሉ። በጤነኛ ሰው ራስ ላይ 100,000 ገደማ ፀጉር አለ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የተለመደ ነው። ሹሩባ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ የዚያ ሁሉ ቀን እርጋፊ አንድ ላይ ስለሚወጣ ያስደነግጣል። ይህን ስነግራቸው ፌስታሉን ቋጥረው እየሳቁ የሚሄዱ አሉ።

ያለ ሹሩባም እፍኝ እፍኝ የሚረግፍባት ሴት ደግሞ ባለፈው ሳምንት በለወጠችው ሻምፖ ታሳብባለች። እኔ የምጠይቃት «ከሁለት ሦስት ወር በፊት ምን ሆነሽ ነበር?» ብዬ ነው። ወልዳ ነበር፣ ታይፎይድ ይዟት ነበር፣ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበር፣ ሐዘን ደርሶባት ነበር፣ ወይም ለመክሳት ብላ ምግብ ትታ ነበር። ሰውነት እንዲህ ሲጎዳ በማደግ ላይ ያለው ፀጉር በብዛት ወደ ዕረፍት ይገባል፤ የሚረግፈው ግን ከወራት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ምክንያቱ የሚረሳው። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች «የዚያ አገር ውኃ ፀጉሬን ጨረሰው» ይሉኛል። ውኃው ፀጉሩን አድርቆት ይሆናል። እኔ ግን አስቀድሜ ስንት ሰዓት ይተኙ እንደነበር፣ ምን ይበሉ እንደነበር እጠይቃለሁ፤ ደም ማነስና ታይሮይድም አስመረምራለሁ። (እግረ መንገዴን፦ የፀጉር ቫይታሚን እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲን የታይሮይድን የደም ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የምትወስዱ ከሆነ ከምርመራው በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ።) እንዲህ ያለው መርገፍ ምክንያቱ ከተወገደ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለሳል።

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ የሚሸሸው ነው። መንስኤው መጎተት ነው። ዊግም ሪላክሰርም ሳይገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ፀጉራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ተመዝግቧል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት አዋቂ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ይህ ነበረባት። ሲጀምር ምልክቱን ይሰጣል። ከተሠራች በኋላ ራሷን ያማታል፣ በግንባሯ ዳር ጥቃቅን ብጉር ይወጣል፣ ማታ ትራስ ላይ ጋደም ማለት ያቅታታል። ማስታገሻ ውጣ የምትተኛ ሞልታለች፤ ነገ ይለቃል ብላ። የሚለቀው ግን ፀጉሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት መጎተቱ ከቆመ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከተጎተተ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቅባት ቢደፋበትም የሚበቅል ነገር የለም።

ሹሩባ ሠሪዋን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። «ጠበቅ አድርጊልኝ፣ እንዲቆይልኝ» የምትለው ራሷ ደንበኛዋ ናት፤ በየሳምንቱ የምትከፍለው የላትማ! የሠርግ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ የሳሳውን ግንባር ለመሸፈን ከቀድሞው የከበደ ዊግ ይጨመራል። የሸሸው ይበልጥ ይሸሻል። ለሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ላይ አጥብቆ መሥራት ከሁሉም የከፋው ነው።

ከአናት መሐል ጀምሮ ወደ ዙሪያው የሚሰፋው መመለጥ ግን ሌላ በሽታ ነው። ያሳክካል፣ አንዳንዴ ያቃጥላል፣ ሲነካ ያማል። ይበልጥ የሚታየው በአፍሪካውያንና የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ በሚመዘዝ ሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ስም ሲወጣለት ጥፋቱ የተጣለው በሚጋል የፀጉር ማበጠሪያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሴቶች ለረጅም ዘመን «የራስሽ ሥራ ነው» ሲባሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአንዳንዶቹ ታማሚዎች ላይ ከዘር የሚመጣ የጂን ለውጥ አገኘ። ስለዚህ እናትሽ ወይም አክስትሽ አናታቸው የተመለጠ ከሆነ እና አንቺንም አናትሽን ማሳከክ ከጀመረሽ፣ እስኪያብለጨልጭ አትጠብቂ። መድኃኒት የቆዳውን ብግነት አቁሞ መመለጡ እንዳይሰፋ ሊያደርግ ይችላል፤ በጠባሳ የተደፈነውን ግን አይመልስም።

ስለ ላሽ ብዙ አልልም። በድንገት ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጠው ላሽ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፣ ጠባሳም አይተውም፣ ብዙ ጊዜም ይመለሳል። ነጭ ሽንኩርት አሽታችሁ ቆዳውን አታቃጥሉት። ቅቤም ቢሆን ፀጉሩን ያለሰልሳል፤ ሥሩ ድረስ ገብቶ የሚያክመው ነገር ግን የለም።

ሚኖክሲዲል የተባለው የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት የታዘዘላቸውም ተመልሰው ይቆጡኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላልና ብዙዎቹ ያን ጊዜ ይጥሉታል። አስቀድሞ ያልነገራቸው ሐኪም ግማሹን ሥራ አልሠራም። ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ ለእርጉዝ ሴት ደግሞ አይታዘዝም።

ወንድ ሲመለጥ ይቀለድበታል፤ ያልፋል። ሴትን ግን «ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል፤ ጥያቄው ውስጥ ሐሜቱም አለ። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ የማትቀመጥ፣ ማታ ከባሏ በፊት መብራት የምታጠፋ አውቃለሁ። ፀጉሯ ላይመለስ ይችላል ብዬ ስነግራት አልቅሳ ስታበቃ «ዊግ ማድረግ እችላለሁ ታዲያ?» ትለኛለች። ለምን አትችይም! የማይሰፋ፣ የማይጣበቅ፣ ማታ የሚወልቅ ይሁን። ተላጭታ መሄድ የምትፈልግም ትችላለች። እንዲህ ያለችዋን ዘመዶቿ አቁመው ባይመክሯት ደስ ይለኛል።

ለፀጉር ቤት ሴቶች ግን ልመና አለኝ። የደንበኛችሁን ራስ ከእኔ፣ ከእናቷ፣ ከባሏም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። የግንባሯ ዳር ሲሳሳ ወይም አናቷ መሐል ሲገለጥ ካያችሁ ዊግ አትጨምሩበት። «አመመሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አመመኝ ካለች ፈትታችሁ አላሉት። ሌላ ሰው በማይሰማበትም ሐኪም ጋ እንድትሄድ ንገሯት።