ተጫዋቹ ጫማውን ከሰቀለ በኋላስ?

የጣና ዳሯ ባህር ዳር እግር ኳስ ወዳድ ከተማ ናት። «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው ባህር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሏል። ብሔራዊ ቡድናችንም መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረታው በዚሁ ከተማ ስታዲየም ነበር። በእነዚህ ወጣቶች ድል ስንደሰት ብዙም የማናነሳው ጥያቄ አለ። ተጫዋቹ በ33 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል በምን ይተዳደራል?

በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን እንመልከት። አራተኛዋን ግብ ያስቆጠሩት መንግሥቱ ወርቁ ኋላ በአሠልጣኝነት ቀጠሉ። የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችና የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ግን በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አረፉ። የአንድ ቡድን ሰዎች ዕጣ ይህን ያህል ተለያየ።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካን ፉትቦል ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር 4 ጊዜ የሱፐር ቦውል ባለድል የሆነው ማይክ ዌብስተር በመጨረሻ ዘመኑ ገንዘቡም ጤናውም ከድተውት አንዳንዴ መኪናው ውስጥ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት አስከሬኑን የመረመሩት ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ተደጋጋሚ ግጭት በአንጎሉ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አገኙ። ወራሾቹ የሊጉን የጡረታ ፈንድ ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2006 በይግባኝ ደረጃ ረቱ። የቀድሞ ተጫዋቾች ያቀረቡት ሌላ ክስም ሊጉን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። ገንዘቡ የተገኘው በሕግ እንጂ በቸርነት አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ደመወዝተኛ ተጫዋች እንደ እኔ አረዳድ ተቀጣሪ ሠራተኛ ነው። ውሉ ግን አጭር ነው፤ በፊፋ ደንብ በመርህ ደረጃ ከ5 ዓመት አይበልጥም። በጡረታ ሕጋችን ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በመደበኛው መንገድ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎትና 60 ዓመት ዕድሜ ያስፈልጋል። እንግዲህ በ33 ዓመቱ ያቆመ ተጫዋች ለአበሉ 27 ዓመት ይጠብቃል። ክለብ ሲቀያይር መዋጮው ሳይገባለት ከቆየማ 10 ዓመቱም ላይሞላለት ነው።

ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ለተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ሲያወጣ ብዙ ተከራከርን። ስለ ወለሉም እንነጋገር። መዋጮው በየወሩ መግባቱን የሚያረጋግጥ፣ በጨዋታና በልምምድ ላይ የሚደርስን ጉዳት እንደ ሥራ ላይ ጉዳት የሚቆጥር፣ ለትምህርት ጊዜ የሚሰጥ፤ እነዚህ ሦስት አንቀጾች በእያንዳንዱ ውል ይካተቱ። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ልጁ ከመፈረሙ በፊት ውሉን የሚያነብለት አንድ የሕግ ባለሙያ ቢያገኝ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።