«እኔ ከሌለሁ ሥራ የለም»፦ ተረትና እውነታ በሱቅ ባለቤቶች ልማድ ላይ

ብዙ ጊዜ ነጋዴው ሳያድግ ሲቀር የሚከሰሰው ገበያው፣ ግብሩ ወይም የውጭ ምንዛሪው ነው። ሦስቱም በእርግጥ ይጎዳሉ። ከእነሱ እኩል የሚጎዳው፣ ግን ማንም የማይከሰው፣ ባለቤቱ ራሱ ትጋት ብሎ የያዘው ልማድ ነው።

ከሁሉም ሥር የሰደደው «ባለቤቱ ካልቆመበት ሥራ አይሠራም» የሚለው እምነት ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ እናስብ። ሹፌር ይመጣና የፍሬን ሸራ ይጠይቃል። ሠራተኛው ዕቃውንም መደርደሪያውንም ያውቃል፣ ዋጋም ይናገራል። ሹፌሩ «የመጨረሻ ስንት ነው?» ሲለው ግን ይቆማል፤ መቀነስ አልተፈቀደለትም። ባለቤቱ ጋ ይደውላል። ባለቤቱ ባንክ ነው፣ ስልኩ ተይዟል። ሹፌሩ ትንሽ ይጠብቅና ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ይሄዳል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ይህ ያመለጠ ሽያጭ የትም አልተጻፈም። ባለቤቱ የሚያየው እሱ በሌለበት ቀን ገቢው ማነሱን ብቻ ነው። «አላልኩም? እኔ ከሌለሁ ሥራ የለም!» ይላል። ሠራተኛው ያለ እሱ ፈቃድ አንድ ብር እንኳ እንዳይቀንስ ያደረገው ግን እሱ ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሠራተኛው ዕቃ ይዞበት የጠፋ፣ ሒሳብ ያጎደለበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ሆኖም ሌብነትን የሚከላከለው ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ አጠገብ መቀመጡ ሳይሆን የገባውና የወጣው ዕቃ ተጽፎ በየጊዜው መቆጠሩ ነው። ቆጠራ የሌለበት ሱቅ ባለቤቱ ፊትም ይሰረቃል።

ይህን የሚያስረዳ ጥሩ ማስረጃ ከሕንድ አለ። ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሙምባይ አካባቢ ያሉ የጥጥ ጨርቅ አምራቾችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ፣ የአንድን ድርጅት መጠን በዋናነት የሚወስነው ባለቤቱ ስንት ወንድ የቤተሰብ አባላት አሉት የሚለው ሆኖ አገኙት። ባለቤቶቹ ከወንድምና ከልጅ ውጭ ሰው አያምኑም ነበርና፣ ዘመድ ሲያልቅ እድገቱም ይቆማል። ለእኛ አገር ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለተመረጡት ፋብሪካዎች ባለሙያ ተመድቦ መጋዘናቸው ሲደራጅ፣ ብልሽትና ክምችት በየቀኑ ሲመዘገብ፣ ምርታማነታቸው በመጀመሪያው ዓመት በ17 በመቶ ጨመረ። በሦስት ዓመት ውስጥም ተጨማሪ ማምረቻ ወደ መክፈት ሄዱ። መዝገቡ ሲኖር ባለቤቶቹ ለባዕድ ሥራ አስኪያጅ ኃላፊነት መስጠት ቻሉ።

ሌላው እምነት «ገንዘቡ የራሴ ነው፤ ከመሳቢያ ብወስድ ምን አለበት?» የሚለው ነው። ጠዋት የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከመሳቢያው ይወጣል፤ ቀትር ላይ ለለቅሶ፣ ማታ ለእቁብ። ዕቃ ማምጫው ቀን ሲደርስ ገንዘቡ የለም፤ ባለቤቱም «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል። ገበያው ደህና ሊሆን ይችላል፤ የሱቁ ወጪና የቤቱ ወጪ ስላልተለየ ማወቂያ የለውም። በእርግጥ የግለሰብ ነጋዴ ለንግዱ ዕዳ በግል ሀብቱም ይጠየቃል፤ በሕግ ፊት ኪሱ አንድ ነው። ገንዘቡን በሁለት መያዝ ግን ማንም አልከለከለውም።

ለዚህ የግድ የሒሳብ ትምህርት አያስፈልግም። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አዶፔም ከተባለ የብድር ተቋም ተበዳሪዎች የተወሰኑት መደበኛ የሒሳብ አያያዝ፣ ሌሎች ደግሞ ቀላል ደንቦች ተማሩ፦ የቤቱንና የሱቁን ገንዘብ በሁለት መሳቢያ ለይ፣ ለራስህ የተወሰነ ደመወዝ ቁረጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት ለውጥ የታየው ቀላሉን በተማሩት ላይ ነው። በመጥፎ ሳምንት የሚያገኙት ገቢ እንኳ ተሻሽሎ ነበር።

«ከማለዳ እስከ ሌሊት ካልሠራሁ» ለሚሉ አንድ ነገር ልበል። ኢኮኖሚስቱ ጆን ፔንካቬል የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች መዝገብ ሲመረምር፣ በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም የበለጠ ምርት አላስገኙም። ሱቅ ፋብሪካ አይደለም፤ በሩ ክፍት መሆኑ ራሱ ደንበኛ ያመጣል። ግን በሩን ክፍት የሚያደርገው የግድ ባለቤቱ መሆን የለበትም።

ዱቤን በቃል መያዝም እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የገባውን ገንዘብ ይመዘግብልናል፤ ያልገባውን፣ ማን ምን ወስዶ እንዳልከፈለ ግን አይነግረንም። ለእሱ አሁንም ደብተር ያስፈልጋል።

ሱቅ ካለዎት በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ይሞክሩ። ብዙ የሚሸጡ ዕቃዎችዎን የመጨረሻ ዋጋ ጽፈው ለሠራተኛዎ ይስጡ። ጠዋት አብራችሁ ዕቃውን ቁጠሩ፤ ግማሽ ቀን ስልክዎን ዘግተው ሌላ ጉዳይ ይፈጽሙ፤ ሲመለሱ እንደገና ቁጠሩ። ሒሳቡ ከገጠመ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉ ቀን ያድርጉት።