አገር ያወቀው ሳቅ

አንባብያን ሆይ፤ በራዲዮ የሚሰማ ድምፅ ውሎ ሲያድር እንደ ዘመድ ይለመዳል፤ ባለቤቱን ሳታውቁት ታምኑታላችሁ። እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሆል ብዙ ዘመን የኖረው በዚህ እምነት ተከልሎ ነው።

ሆል በ1929 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በማንቸስተር ከተማ በቢቢሲ ጣቢያ ዜና አቅራቢ ሆነ፤ የእግር ኳስንም ጨዋታ ቅኔ በመሰለ ቋንቋ በራዲዮ ይተርክ ነበር። ከ1972 ጀምሮ የየከተማው ሰዎች አስቂኝ ልብስ ለብሰው የሚወዳደሩበትን «ኢትስ ኤ ኖክአውት» የተባለ የቴሌቪዥን ጨዋታ ሲመራ፥ ሳቁን አገር አወቀው።

በ2012 አዲስ ዓመት ስሙ በንግሥቲቱ ተሸላሚዎች ዝርዝር ላይ ወጣ። ጉዱን ያወጣው ይኸው ክብር ነው። በወጣትነቷ የተበደለች አንዲት ሴት ነገሩ ቢያንገበግባት፥ ስሟን ሳትገልጽ ለአንዲት ጋዜጠኛ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጋዜጠኛዋም ጉዳዩን ለፖሊስ አደረሰች። ሆል ግን በፌብሩዋሪ 2013 በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፥ ክሱ ጭካኔ የተሞላበት ሐሰት ነው አለ። ሁለት ወር ብዙም ሳያልፍ ጥፋቱን አመነ፤ በ13 ልጃገረዶች ላይ ለክብረ ንጽሕና ተቃራኒ የሆኑ 14 ድርጊቶች ፈጽሟል። የሁሉም ታናሽ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች።

የተፈረደበት 15 ወር እስራት ብቻ ነው። ሕግ የምትማሩ ምክንያቱን ሳትገምቱ አትቀሩም፤ ቅጣቱ የሚለካው ወንጀሉ በተሠራበት ዘመን በነበረው ሕግ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ከፍተኛው ቅጣት 2 ዓመት፥ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች 5 ዓመት ነበር፤ ወደ 10 ዓመት ያደገው በ1985 ነው። ሆኖም ሕዝቡ ስላጉረመረመ ጉዳዩ ለይግባኝ ፍርድ ቤት ቀርቦ፥ ቅጣቱ 30 ወር ሆነ። ሽልማቱም ተገፈፈ። በ2014 አስገድዶ መድፈርን ከጨመሩ ብዙ ክሶች ነፃ ቢወጣም፥ በሌሎች ሁለት ጥቃቶች ሌላ 30 ወር ተፈረደበት።

ቢቢሲ ያስደረገው ምርመራ ውጤት በ2016 ታተመ። ሆል ከ1967 እስከ 1991 ድረስ፥ በዚያው በማንቸስተር ጣቢያ ከሥራው ጋር በተያያዘ 21 ሴቶችንና ልጆችን በድሏል። ሴቶችን ወደ ልብስ መለወጫ ክፍሉ እንደሚያስገባ ከአለቆቹ አንዳንዶቹ ያውቁ ነበር። የበታች ሠራተኛውስ? ስመ ጥሩን ሰው ከስሶ እንጀራውን እንዳያጣ ይፈራል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሆናችሁ ይህን ፍርሃት ማንም ሳያስረዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ምርመራው በታተመ ጊዜ ሆል የእስራቱን እኩሌታ ጨርሶ ከወኅኒ ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር።