የሱሉልታ ድርቆሽና የከብት ስብ

በጥቅምትና በኅዳር የሱሉልታ ሜዳ ታጭዶ ድርቆሹ በካሚዮን እንጦጦን እየተሻገረ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የእስሩን ዋጋና ክብደት ነው፤ ስለ ቀለሙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሰበታ፣ በቡራዩና በዓለም ገና ሰንጋ የሚያደልቡትም ሆኑ ቅቤ የሚነግዱት ሊያውቁት የሚገባ ነገር በዚያው ቀለም ውስጥ ይገኛል።

የስብ ሕዋስ ሲፈጠር ጀምሮ ስብ አይደለም። አስቀድሞ ገና ያልለየለት ሕዋስ ነው፤ ትእዛዝ ሲደርሰው ስብ ማጠራቀም ይጀምራል። ከዚህም ትእዛዝ ከፊሉ የሚመጣው ከመኖው ነው። ለምለም ሣር ካሮቲን የሚባል ብጫ ንጥረ ነገር አለው። የእንስሳው አካል ከካሮቲን ቪታሚን ኤ ይሠራል፤ ከቪታሚን ኤ የሚወጣው ሬቲኖይክ አሲድ ደግሞ ያልለየለት ሕዋስ ወደ ስብ ሕዋስነት እንዳይለወጥ ይገታዋል። ስለዚህ በጃፓን ዋግዩ የተባሉትን ከብቶች የሚያደልቡ ሰዎች፣ በሥጋው መካከል እንደ እብነ በረድ የተዘረጋ ጮማ ለማግኘት ሲሉ፣ በማደለቢያው ወራት ቪታሚን ኤ የሚሰጠውን መኖ ይቀንሳሉ። ልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ከብቱ ዓይኑ ይታወራል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ምክር የሚሞከር ዘዴ አይደለም።

ወደ ቪታሚን ያልተለወጠው ካሮቲን በከብቱ ስብና በወተቱ ቅባት ውስጥ ይቀመጣል። የቅቤው ብጫነት ከዚህ የመጣ ነው። በሥጋ ቤት ብጫ ጮማ ያየ ደንበኛ «ይህስ ያረጀ ላም ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ሆኖም ለምለም ሣር የጠገበ ወይፈንም ብጫ ጮማ ይኖረዋል። በግና ፍየል ከዚያው ሜዳ ቢግጡ እንኳ ስባቸው ነጭ ነው፤ ካሮቲኑን ሳይለውጡ የሚያስቀሩት እጅግ ጥቂት ነውና።

የሣሩ አረንጓዴ ቀለምም በከብቱ ጨጓራ ሲፈርስ ፋይታኒክ አሲድ የሚባለውን ያስገኛል። እርሱም የስብ ሕዋስን ጠባይ ሊነካ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ለገበያ መነጋገሪያ ግን ገና አይሆንም።

ካሮቲን ፀሐይን አይችልም። ታጭዶ ብዙ ቀን በሜዳ የሰነበተ፣ ዝናብም የመታው ድርቆሽ ይነጣል፤ ካሮቲኑም አብሮ ይሄዳል። ቅጠሉና ማገጡ ሳይረግፍ በቶሎ ደርቆ ከጣራ በታች የገባው ግን ከዚያኛው የበለጠ ካሮቲን ይዞ ይቆያል። እርግጥ ነው፣ ሰንጋን የሚያሰባው ዋናው ነገር ከድርቆሹ ጋር የሚሰጠው ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ለወተት ላምና ለጥጃዋ የሚገዛ ሰው ግን እስሩን ፈታ አድርጎ ውስጡን ይመልከት፤ ውጭው ቢነጣ ግድ የለም፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ሻጋታ ካልሸተተ ጥቂት ሳንቲም ቢጨመርበት አያስቆጭም።